ያሸነፈ ይሸከማል

ዱብ!

ከዚያ ዝምታ። ከዚያ የብረት ክዳን ሲዘጋ፣ ቀጭ። ኪሩ ቤዝመንቱ ውስጥ አልጋው ላይ ተጋድሞ ነበር። ከጣሪያው ሥር ካለችው ጠባብ መስኮት የሚታየው የድራይቭዌዩ፣ የመኪና መግቢያው፣ ጠርዝ ብቻ ቢሆንም፣ ድምፁ ምን እንደሆነ ለማወቅ ማየት አላስፈለገውም። ታላቅ ወንድሙ ስለሺ ሌላ የአሸዋ ከረጢት የመኪናው የኋላ ትራንክ ውስጥ ጥሏል። ያውም በነሐሴ! ሌላው ሰው በረዶ ሲመጣ መኪናው እንዳያንሸራትተው የሚጭነውን አሸዋ፣ ስለሺ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ወር ይጭናል።

ሞተሩ ተነሳ። መኪናዋ ወደ ኋላ ስትወጣ ሆዷ የድራይቭዌዩን ጠርዝ ነክቶ ግርርጭ አለ። ኪሩ ጥርሱን ነከሰ። በፊት አትነካም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነው።

ኪሩን ጥር ላይ ወደ ቶሮንቶ ያመጣው ስለሺ ነው። ኪሩ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት የዋለ፣ ሰው የማይቀርብ፣ በሐሳቡ ውስጥ የሚኖር ልጅ ነበር። እኩዮቹ የእንግሊዝ ኳስ ሲከተሉ እሱ የጃፓንን የጂቲ መኪና ውድድር ይከተላል፤ የኦካያማንና የፉጂን መሮጫ ኩርባ ከሰፈሩ መንገድ አብልጦ ያውቀዋል። እዚህ ከመጣ ወዲህ ወንድሙንም አስለከፈው። ጃፓኖቹ ሲሮጡ ቶሮንቶ ተኝታለች፤ ስለዚህ ሁለቱ ውጤቱን ሳይሰሙ ያድሩና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቅጂውን ያያሉ። እስከዚያ ስልክ መክፈት ክልክል ነው።

በሚያዝያው የመጀመሪያ ውድድር የመረጧት ሰማያዊ መኪና አሸነፈች። ስለሺ ከሶፋው ዘሎ ተነሳ።

«ይኸው! ዓመቱን ጠራርጋ ትወስደዋለች በለኝ!»

«አትወስደውም» አለ ኪሩ እየሳቀ። «እዚህ ውድድር ላይ ያሸነፈ ይሸከማል፣ ጋሼ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ነጥብ ባገኘች ቁጥር ለሚቀጥለው ክብደት ይጫንባታል። አንዱ ብቻ ሁሌ እንዳያሸንፍ። ጎበዙ ተጭኖ ነው የሚሮጠው።»

ስለሺ ተመልሶ ቁጭ አለ። «ያሸነፈ ይሸከማል...» አለ ቃሉን እያላመጠ። «ይቺን ሕግ ያወጣቻት እማዬ መሆን አለባት!»

ሕጉ ጭራ ነበረው። በዓመቱ የመጨረሻ ውድድር፣ ሞቴጊ ላይ፣ ሁሉም መኪና ሸክሙን አራግፎ ባዶውን ይሮጣል። ኪሩ ይህን አልተናገረም። ለኅዳር እንደ ጣፋጭ ሊያቆየው ፈልጎ ነው።

በዚያው ሳምንት የዳንፎርዝ አካባቢ እድር ስለሺን ሊቀመንበር አድርጎ መረጠው። ስለሺ ከሃርድዌር ሱቅ ከበረዶው ወራት የተረፈ የአሸዋ ከረጢት ይዞ መጣና ትራንኩ ውስጥ አስተኛው፣ ኪሩን ከኤርፖርት በተቀበለበት በረዷማ ቀን ከጫናት ከአንዲት አሮጌ ከረጢት ጎን።

«አሸነፍኩ፣ ተሸከምኩ!» አለ። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ፉጂ ላይ ሰማያዊዋ ሁለተኛ ወጣች፤ ስለሺም በሚነዳበት የአውቶቡስ ድርጅት ሱፐርቫይዘር ሆነ። ዱብ። የአክስታቸውን ልጅ ፍቅርአዲስን ከነቤተሰቧ ማን ስፖንሰር ያድርግ ሲባል ዘመድ ሁሉ ባንድ አፍ «ስለሺ አለ አይደል!» አለ። ዱብ። የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ኮሚቴም መረጠው፤ አጨበጨቡለት። ዱብ።

ከረጢቱ ሲበዛ ሳቁ አነሰ። ስለሺ ቆሞ መብላት ጀመረ። ስልኩ ሲጠራ ለረጅም ጊዜ ያየዋል፤ ከዚያ ያነሳና «እሺ፣ ችግር የለም» ይላል። አንድ ቀን ከእናታቸው ጋር ሲያወራ ኪሩ በበሩ ክፍተት ሰማ፦ «ኪሩም እኮ እኔው ላይ ነው፣ እማዬ።» ቁጣ የለበትም፤ የዕቃ ክብደት እንደሚናገር ሰው ነው ያለው። ያቺ የጥር ከረጢት እሱ ራሱ እንደሆነች ለኪሩ ገባው።

ከላይ የሚኖሩት የቤቱ ባለቤት እትዬ ፋናዬ፣ ከአርባ ዓመት በፊት በሱዳን አቋርጠው የመጡ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ኪሩን ከቆሻሻ በርሜሎቹ ጋ አገኙት።

«ና እስቲ አንተ! ወንድምህ የሚጭነው ምንድነው? ጤፍ ነው?»

«አሸዋ ነው፣ እትዬ።»

«በዚህ ሙቀት? በረዶውን ቶሎ ና ሊለው ነው?» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። «ባለቤቴም እንዲህ ያደርገው ነበር። አሸዋውን አይደለም፤ ዝምታውን። ለሁሉ ሰው እሺ፣ እሺ፣ እሺ... እሺ የሚያበዛን ሰው ፍራ፣ ልጄ።»

«አሁን የት ናቸው?»

«አንድ ቀን ወጥቶ ቀረ፤ የት እንደሄደ እኔስ መች አወቅሁ?» አሉና የበርሜሉን ክዳን ከደኑ።

ያን ዕለት ኪሩ መለዋወጫ ቁልፉን ወስዶ ትራንኩን ከፈተ። ከረጢቶቹ ጎን ለጎን እንደተኙ ሰዎች ተደርድረዋል። ከላይ ያለውን አንዱን አቅፎ አወጣና ከቤዝመንቱ ማሞቂያ ጀርባ ደበቀው። በማግስቱ ከማሞቂያው ጀርባ ምንም የለም። ትራንኩን ሲከፍት ከረጢቱ ቦታው ተመልሷል፤ ላዩ ላይ ሌላ አዲስ ተጨምሮበታል።

«ጋሼ፣ ጨዋታ ነበር እኮ» አለው እራት ላይ።

«እኔስ መቼ ጨዋታ አይደለም አልኩ?» ስለሺ ከሳህኑ ቀና አላለም። «ሕጉን የነገርከኝ አንተ ነህ። ይወርዳል ብለኸኛል?»

ኪሩ አፉን ከፈተ። ሞቴጊ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን የሚወርድ ከሆነ ሁሉም ይወርዳል፤ ያቺ አሮጌዋም።

«አላልኩም» አለ።

መስከረም ላይ፣ ሱጎ በሚባለው መሮጫ፣ ሰማያዊዋ ከነሸክሟ ቁልቁለቱን ስትወርድ ኩርባው አመለጣት። ጎማዎቿ እየጨሱ ሄዳ ከግድግዳው ተላተመች። ነጂው በእግሩ ሲወጣ ኪሩ ተነፈሰ። ስለሺ ግን ዓይኑን አልነቀለም።

«ፍሬኗ ደህና ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የሚገፋት ጭነቱ ነው። ነጂው ምንም ሊያደርግ አይችልም።»

ከዚያ በኋላ ኪሩ መኪናው ውስጥ በተቀመጠ ቁጥር ቀይ መብራት ገና ከሩቅ ሲያይ እግሩ ወለሉን ይገፋል። የጥቅምቱን ውድድር አብረው አላዩም፤ ስለሺ የሞተ የእድር አባል አስከሬን ይዞ አገር ቤት ደርሶ መጣ። ሻንጣውን ሳይፈታ፣ ዱብ።

ኅዳር ገባ። በሞቴጊው እሑድ ሳሩ ላይ ነጭ ውርጭ ተጋግሯል፤ ሰማዩ ዝቅ ብሏል። ኪሩ ቴሌቪዥኑን ከፈተና ድምፁን ዘጋው።

«ምነው?» አለ ስለሺ።

«እትዬ ፋናዬን ራሳቸውን አሟቸዋል።»

በዝምታ አዩ። ግድግዳው ላይ የተላተመችው ሰማያዊ ተጠግና ተመልሳለች። ሁለተኛው ዙር ላይ ከኩርባው ስትወጣ ስለሺ ከሶፋው ወደ ፊት ተሳበ። ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው።

«ቀሏታል» አለ።

«እ?»

«ይቺ መኪና ቀሏታል። ሞላዋ ከፍ ማለቱን አታይም?» ሪሞቱን ከኪሩ እጅ ወሰደና ድምፁን ለቀቀው። አስተላላፊው በእንግሊዝኛ እየጮኸ ነበር፤ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፣ ማንም ላይ ምንም ክብደት የለም፣ ሁሉም እኩል ነው።

ስለሺ ዞሮ አየው። «ታውቅ ነበር?»

«ጋሼ...»

«ሁሉንም ነው የሚያወርዱት?»

ኪሩ አሁን መዋሸት አቃተው። «ሁሉንም።»

ስለሺ ሳቀ። ከሚያዝያ ወዲህ ያልሳቀውን ሳቅ ነው የሳቀው፤ ኪሩን ግን ከዝምታው ይበልጥ አስፈራው። ከዚያ ውድድሩ ሳያልቅ፣ ስልኩን ሶፋው ላይ ትቶ፣ ጃኬቱን አንሥቶ ደረጃውን ወጣ።

ዱብ!

ይህኛው የብረት ድምፅ አልነበረውም። መሬት ላይ ያረፈ ነው። ዱብ። ዱብ። ኪሩ አንገቱን አቀርቅሮ አዳመጠ። ድምፁ ሲቆም በካልሲው ሮጦ ወጣ።

ከረጢቶቹ ሣሩ ዳር ተደርድረዋል። መጨረሻ ላይ፣ ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ያረጀች፣ ቀለሟ የለቀቀ ያቺ የጥር ከረጢት ተቀምጣለች። የመጀመሪያው በረዶ ላይዋ ላይ መንጠባጠብ ጀምሯል።

«ጋሼ፣ በረዶ እየጣለ ነው! አሸዋው የሚያስፈልግህ አሁን ነው እኮ! የት ልትሄድ ነው?»

ስለሺ መጥቶ ኪሩ ትንሽ ሳለ እንደሚያደርገው መዳፉን አናቱ ላይ አሳረፈ። እጁ ቀሎት ነበር። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ከቤዝመንቱ ስልኩ ሲጠራ ይሰማል። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ኪሩ ትንፋሹን ይዞ ያንን ግርርጭታ ጠበቀ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠርዙን አንድ ጊዜ ብቻ ብትነካ።

ሳትነካ ወጣች።