በዳቦ የጠፋ ፊት

አሁን በዓል በመጣ ቁጥር መካነ ሰላም አደባባይ ላይ የሚሰቀለውን ጨርቅ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነኝ። ቀይ ቀለም በባልዲ ይሰጡኛል፤ እኔም «መሬት ላራሹ»ን እና «ኢትዮጵያ ትቅደም»ን የቤት በር በሚያህል ፊደል እለቀልቀዋለሁ። ባለፈው የቀበሌው ሊቀመንበር ጠራኝና፣ «ጓድ ክንፈ፣ ድሮ በከሰል ትስል ነበር አሉ። እስቲ የስልሳ ስድስቱን ረሃብ ለበዓሉ ሳልልን» አለኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል ብዬ ዋሸሁት። እጄ ምንም አልሆነም። ከሰል የተውኩበትን ምክንያት ለሊቀመንበር አይነግሩትም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሚስት አላገባሁም፣ ጠጅ አይስማማኝም፣ ካርታ የሚጫወት ሰው ያናድደኛል። ያለኝ ሱስ ሥዕል ብቻ ነበር። ዕቃዎቼን በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖር ነበር፤ ሦስት ለስላሳ ጥቁር እርሳሶች ነበሩኝ፣ አንዷ ከማጠሯ የተነሣ የሸምበቆ ቁራጭ ላይ ሰክቼ ነው የምይዛት። መቅረጫ አልነካም፤ መቅረጫ እርሳሱን ውስጥ ውስጡን ይሰብረዋል፤ እኔ በምላጭ ነበር የምቀርጸው። ከደሴ ያስመጣሁት ወፍራም የሥዕል ወረቀትም ነበረኝ፤ እሱን ከፍራሼ ሥር አንጥፌ እተኛበት ነበር፣ እንዳይጣጠፍ።

ከሁሉ የምኮራው ግን በከሰሌ ነበር። ከወንዝ ዳር ቀጫጭን የአኻያ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ ልጬ፣ ጣሳ ውስጥ አጭቄ፣ አፉን በጭቃ መርጌ እሳት ውስጥ እቀብረዋለሁ። ሲበርድ የሚወጣው ከሰል ወረቀት ላይ ሳይጮህ ይሄዳል። ታዲያ ከሰል በላጲስ አይጠፋም፣ ይለቀለቃል። ደሴ ስማር ሥዕል ያስተማሩን አቶ ገበየሁ፣ «ላጲስ ወረቀት ያቆስላል፣ ዳቦ ግን ይልሰዋል» ይሉን ነበር። የዳቦውን ነጭ ውስጡን ቆርሰህ እንደ ሊጥ እስኪሆን በጣትህ ታሸዋለህ፤ ከዚያ ጠቅ ጠቅ ስታደርገው ጥቁሩን እየጠጣ ይነሣል። ሲጠቁር ትጥለዋለህ፣ ሌላ ትቆርሳለህ። ስለዚህ ስስል ከቆርቆሮዬ አጠገብ የበለጡ ሻይ ቤት ዳቦ አይጠፋም ነበር። ዳቦውን ከሥዕል ዕቃ እንጂ ከምግብ አልቆጥረውም ነበር።

በኅዳር ስልሳ ስድስት ሰዉ ከቆላ እየወጣ የቢሮአችንን በረንዳ ሞላው። እውነቱን ልናገር፦ ፊታቸውን ለመሳል እወደው ነበር። ረሃብ የፊትን አጥንት ያወጣዋል፣ ሠዓሊ ደግሞ አጥንት ይወዳል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በመስኮት እያየሁ በመዝገብ ጀርባ ስንቱን ሞነጫጨርኩት።

አስያ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። አገሯ ከመቅደላ አምባ ወዲያ የበሽሎ ቆላ ነው። የአራት ዓመት ልጇን ሀሊማን አዝላለች።

«ሰላም አለይኩም፣ ጌታው። ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አለች።

ታላቂቱ ልጇ ሰብሪያ፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አጅባር ገበያ ላይ በትኩሳት ወደቀች። የተራበ ሰው ወደ ደሴ መጠለያ የሚያደርስ መኪና መጣና «የታመሙ ልጆች ይቅደሙ፣ እናቶች በሚቀጥለው» ተባለ። ሰብሪያን ተቀብለው ጫኗት። የሚቀጥለው መኪና አልመጣም። አስያ ስድስት ቀን ጠብቃ፣ መካነ ሰላም ፖሊስ የሆነው ወንድሟ እንዲረዳት በእግሯ መጣች፤ ወንድሟ ግን አምና ወደ ጎጃም ተዛውሯል።

«ደብዳቤው ምን ይበል?» አልኳት። «የስድስት ዓመት ልጅ፣ ቀጭን? ደሴ ያለው ሁሉ ቀጭን ነው። ስሟን ትናገራለች?»

«ትኩሳቱ አንደበቷን ይዞታል። እኔ ስጠራት እንኳ ዓይኗን ነው የምታንከራትት።»

አንጀቴን በላችው። ደግሞ አልደብቅም፣ ኩራትም ተሰማኝ፤ ለካ ስንት ዓመት የለፋሁት ለዚህ ኖሯል አልኩ። «አንቺ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ ፊቷን እስላለሁ። የጭነት መኪና የሚነዳው ወዳጄ መለሰ ቅዳሜ ደሴ ይሄዳል። ሥዕሉን ይዞ ፊት ለፊት እያስተያየ ይፈልጋታል።»

«እኔንስ ቢወስደኝ?»

ቀደም ብዬ ለሌሎች የተራቡ ሰዎች መለሰን ጠይቄው ነበር። ኬላ ላይ የተራበ ሰው እያስወረዱ ይመልሳሉ፣ እኔንም ያስሩኛል ብሎኛል። ይህንኑ ነገርኳት። አስያ ሥዕል ሐራም እንዳይሆንባት ሸህ ሷሊህን ልጠይቅ ብላ ሄደች። ስትመለስ፣ «ለልጅ ፍለጋ ከሆነ ኒያሽን አላህ ያውቃል ብለውኛል» አለች።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ቤቴ መጡ። አስያን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ጀመርኩ። የሰብሪያ ግንባር ጠባብ ነው አለችኝ፤ ቅንድቧ ሊገጥም ምንም አልቀረው፤ አገጯ ሾል ያለ ነው። ጉንጩን ከራሷ ከአስያ፣ ዓይኑን ከሀሊማ ወሰድኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዲት ልጅ ከወረቀቱ ላይ ሆና ታየኝ ጀመር። እንዲህ ያለ ሥዕል ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ወደ አስያ አዞርኩት። እጇን ወደ ወረቀቱ ሰደደችና መለሰችው።

«እሷ ናት?»

እኔ በዚያች ቅጽበት ከሥዕሉ ጆሮ አጠገብ የተለቀለቀች ነገር አይቼ በዳቦ ጠቅ ጠቅ እያደረግኩ ነበር። የጠቆረው ዳቦ ከእጄ ወደቀ። ሀሊማ ከእናቷ ጉያ ወርዳ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ልጅ ናት፣ ትጫወት ብዬ ተውኳት። አስያ ወደ ታች አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች።

«ግንባሯ ሰፋ ቢል» አለች።

«አሁን ጠባብ ነው አላልሽም?»

«ተሳስቼ ነው፣ ጌታው።»

ዳቦ ቆርሼ ግንባሩን አጠፋሁት።

ማክሰኞ አገጩ ክብ ይሁን አለች። ረቡዕ ቅንድቡ ይለያይ፣ ጉንጩ ይሙላ። ሐሙስ እንደገና ግንባሩ። ያጠፋሁትን እስላለሁ፣ የሳልኩትን አጠፋለሁ። ሻይ ቤት ስሄድ በለጡ፣ «ጋሽ ክንፈ፣ በቀን ሁለት ዳቦ? በድብቅ ወለዱ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ለሥራ ነው አልኳት ኮስተር ብዬ። ቢሮ ውስጥማ፣ ይቺ ቆለኛ ሴት ከደሴ መምህራን የሚበልጥ ዓይን አላት እያልኩ አወራላት ነበር።

አንድ ቀን፣ ረቡዕ ይመስለኛል፣ «ምሳ በላችሁ?» አልኳት።

«አልሀምዱሊላህ» አለች።

በእኛ አገር ሰው አንዴ ተጠይቆ አይበላም። ሦስት ጊዜ በሞቴ ይባላል፣ ጉርሻ ይሰጣል፣ እንቢ ያለ እጁን ይያዛል። ይህን የማያውቅ ወሎዬ የለም፤ እኔንም እናቴ ያሳደገችኝ በዚሁ ነው። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል፣ እኔ ግን እንደተራበች አውቃለሁ። አንዴ ጠይቄ፣ አልሀምዱሊላህ ስትል በልታለች ማለት ነው ብዬ ወደ ሥዕሌ ዞርኩ።

ዓርብ ጨረስኩት አልኩ። ወረቀቱ ላይ ያለችው አሁን ግንባረ ሰፊ፣ ጉንጨ ሙሉ፣ የደህና ነጋዴ ልጅ የመሰለች ሆናለች። ዳቦውም አልቋል። አስያ አየቻትና ከርጩማው ተነሣች።

«ጌታው፣ አፉ ይበሉኝ። እንደ መጀመሪያው ቀን ቢመልሱልኝ።»

ደሜ ፈላ። ከድሮም ቁጡ ነኝ። «የመጀመሪያው ቀንማ አይደለችም ብለሽ ያስጠፋሽኝ አንቺ አይደለሽም? አምስት ቀን ምሳዬን ትቼ! ወረቀቱ ተልጦ ሊበሳ ነው! መለሰ ነገ በማለዳ ይሄዳል። አሁን በአንድ ቃል ንገሪኝ፣ እሷ ናት ወይስ አይደለችም?»

ሀሊማ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። «ልጅሽንም ከከሰሌ አርቂልኝ» አልኩ።

አስያ የልጇን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ናት፣ ጌታው» አለች ቀስ ብላ።

ሥዕሉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ለመለሰ ሰጠሁት።

መለሰ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነገረኝ።

«መጠለያውን ሁሉ ዞርኩት፣ ይችን የመሰለች የለችም። አንዲት ልጅ ዘንድ ብቻ ቆሜ ነበር፣ ከመጨረሻው ረድፍ። አትናገርም። ዓይኗ የሥዕሉን ዓይን ይመስላል። የኮቴን ጫፍ ይዛ አልለቅ አለችኝ። ግን ግንባሯ ጠባብ ነው፣ ቅንድቧ የገጠመ፣ አገጯ ሾል ያለ። ሥዕሉን ባየው ባየው አትመስልም። ክንፈ ሲስል አይሳሳትም ብዬ እጇን አላቅቄ ሄድኩ።»

ሻዩን ሳልጠጣ ተነሣሁ። አስያ ሸህ ሷሊህ ግቢ ተጠግታ ነበር። መለሰ ያለውን ነገርኳት። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሰኞ ዕለት የሳሏት እሷው ነበረች» አለች። «ወላሂ ልትጠራኝ ምንም አልቀራት።»

«ታዲያ ለምን አስጠፋሽኝ?»

«ሀሊማ የወደቀውን ዳቦ ስትለቅም አየኋታ። በላችና ዝም አለች። በረሃብ እያለቀሰች ስንት ቀን ሆኗት ነበር። እርስዎ ካላጠፉ ዳቦው አይወድቅም። ነገ አስመልሰዋለሁ፣ ነገ አስመልሰዋለሁ እያልኩ ዓርብ ደረሰ።»

«ዳቦ ስጠኝ ብትይኝስ! እኔ አልሰጥሽም ነበር?»

«ለምኜ አላውቅማ፣ ጌታው። አፌ እንቢ አለኝ።»

አምስት ቀን ሙሉ ዳቦ ለወረቀት ሳበላ ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር።

መለሰን እጁን ይዤ ለመንኩት። ጭነት ሳይሞላ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሄደ። በዚህኛው ጉዞ ሥዕል አልላክሁም፤ ከመጨረሻው ረድፍ ያለችውን፣ ኮትህን የያዘችውን አምጣት አልኩት። ሲመለስ መኪናውን እንዳቆመ አልወረደም። መሪውን እንደያዘ፣ «ቦታዋ ላይ ሌላ ልጅ ተኝቷል» አለኝ። «ማክሰኞ ነው የቀበሯት። ስሟን ጠየቁኝና ሰብሪያ ትባላለች አልኳቸው። እስከዚያ ድረስ ስም አልነበራትም።»

ለአስያ የነገርናት እኔና ሸህ ሷሊህ ነን። ሦስት ቀን ለሐዘን ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ሀሊማን በእጇ ይዛ ከደጃፌ ቆመች።

«የሰኞዋን ይሳሉልኝ» አለች። «ፊቷ እየጠፋብኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ ያችኛዋ ናት፣ ሰፊ ግንባር ያላት።»

በለጡ ዘንድ ሮጬ ሙሉ ዳቦ አመጣሁ። ቆርሼ ለሀሊማ ሰጠሁ። ለአስያም ዘረጋሁላት፤ አንዴ በሞቴ፣ ሁለቴ በሞቴ፣ ሦስቴ በሞቴ አልኳት። በሦስተኛው ተቀበለችኝ። ከፍራሼ ሥር አዲስ ወረቀት አወጣሁና ከሰሌን ያዝኩ። እጄ አልረሳትም ነበር። ጠባቡ ግንባር፣ የገጠመው ቅንድብ፣ ሾል ያለው አገጭ አንዱም ሳይሳሳት መጣ። አስያ እስክጨርስ ድረስ ዳቦውን በእጇ እንደያዘች ነበር። ወረቀቱን ሳዞርላት ዳቦውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እሷው ናት» አለች። «እሷው ናት፣ ልጄ።»

እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ሀሊማን ፈለግኳት፤ ከእናቷ አጠገብ የለችም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ድርሻዋን ጨርሳ ጠረጴዛው ሥር ገብታለች፤ መዳፏን ወደ እኔ ዘርግታ ትጠብቃለች። ሙሉው ዳቦ ከበላይዋ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ አታጠፋም?» አለችኝ።