ለባሶቶዎቹ የቆመው አስተርጓሚ

አስተርጓሚ ይኑር ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። የቦይካንዮ እናት ወንድም ነኝ፤ እዚህ ከተማችን ካንዬ ውስጥ ደግሞ ማሎሜ፣ ማለትም የእናት ወንድም፣ ካልፈቀደ የእህት ልጅ አትዳርም። ጠያቂዎቹ ከሌሶቶ የሚመጡ ባሶቶዎች ስለሆኑ "ቋንቋቸው ሌላ ነው፤ በወጉ ይተርጎም" አልኩ።

"ኧረ ማሎሜ!" አለች ቦይካንዮ። "ከሞኬቴ ጋር አራት ዓመት በስልክ ሳወራ ማን አስተረጎመልኝ?"

"የስልክ ወሬ ሌላ፣ ሽምግልና ሌላ" አልኳት። ጡረተኛው መምህር ዲቲሮ መሃል ላይ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ነገሩ መንግሥታዊ መሰለኝ፤ ደስ አለኝ።

እንግዶቹ ጎህ ሲቀድ መጥተው በር ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ስናስገባቸው የሞኬቴ አክስት ፑሰሌትሶ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ "የውሃ ቅል ልንለምን መጥተናል" አለች፤ ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ የሚባለው እንዲህ ነው።

ዲቲሮ ጉሮሮውን ጠራረገ። "የውሃ ቅል ሊለምኑ መጥተዋል" አለን።

ሁለቱ ቋንቋዎች እጅግ ስለሚቀራረቡ ቃሉ ያው ነበር፤ ሁላችንም ግን ገና እንደሰማ ሰው ራሳችንን ነቀነቅን። ሳቅ እንዳያመልጣቸው መሬት መሬት የሚያዩም ነበሩ።

እኔ ግን አስተርጓሚ ካለ እንግዶቹ የእኛን ንግግር አይሰሙም ብዬ ቀስ በቀስ ራሴን አሳመንኩ። ወደ እህቴ ዘንበል ብዬ "የዚች አክስት ኩራት! ልጁም ቢሆን ከሲታ ነው። ሁለት ሦስቴ እናመላልሳቸውና ይለማመጡን" አልኩ። ድምፄን እንኳ ዝቅ አላደረግኩም።

ዲቲሮ እኔን አየ፣ እነሱን አየ።

"ልተርጉመው?"

"አይልፉ" አለች ፑሰሌትሶና ተነሣች። ሰዎቿም ተከትለው ተነሡ። ከቤት ውስጥ የቦይካንዮ ለቅሶ ተሰማ፤ እህቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

"ይቅርታ እናቴ፣ አፌ ነው" አልኩ።

"አልገባኝም" አለች እንደቆመች። "በቋንቋዬ ይነገረኝ።"

ዲቲሮ ተረጎመ።

"አሁንም አልገባኝም።"

ጥፋቴን ዘርዝሬ ደገምኩ። ዲቲሮም ከነዝርዝሩ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ተረጎመው። እንዴት አባቱ ያሳምረዋል! እሷ ግን ጭራሽ አልገባትም።

ደሜ ፈላ። "እሺ! ፈርቼ ነው!" አልኩ። "ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። እህቴ እንኳ የምትፈልገኝ ለቅሶ ሲኖር ነው። ማሎሜ፣ በላህ ወይ ብላ የምትደውልልኝ ይቺው ልጅ ናት። አገር ለቃ ስትሄድ ማን ይጠይቀኛል?"

ዲቲሮ አፉን ከፈተ። ፑሰሌትሶ በእጇ ዝም አሰኘችውና ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

"ይሄ ገባኝ" አለች።