ለምሰሶው የሚቀነሰው

ማክሰኞ ጥቅምት አሥራ አንድ ቀን፣ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ወጣቱ አለቃ ወደ ቤተ ሙከራው ገባና በሩን ሳይዘጋ ቆመ።

«እትዬ፣ ሁለተኛው ሙከራም ከሌላው ቤተ ሙከራ ውጤት ጋር አልገጠመም። የፈሳሹ ልክ አሁንም አንሷል። የዛሬውም ካልገጠመ፣ አሠሪዎቹ ሥራውን ለእነሱ እንሰጣለን ብለዋል።»

«ፈሳሹን ጠጣችው ሊሉኝ ነዋ፤» አለች ጠረጴዛዋ ጋ የተቀመጠችው ባልቴት።

ለቀልዱ ያህል ፈገግ አለ። እሷ ጠረጴዛዋን ዳበሰች። ሥራው ከሄደ ጠረጴዛውም መሄዱ ነው፤ ባሏን ቀብራ ከተመለሰች ወዲህ ደግሞ ትንሽ ቀለል የሚላት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ብቻ ነው። ቤቷ ስትገባ «አመሸሽ» የሚላት እንኳ የለም።

ባልና ሚስቱ አብረው ያረጁት እዚህ ነው። ግድግዳው ላይ በተተከለው የመስታወት ቱቦ ውስጥ ፈሳሹ የደረሰበትን ጭረት እሱ አንብቦ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ እሷ ትጽፋለች። ወገቡ አልታጠፍ ካለው ጀምሮ ቆሞ ከላይ ቁልቁል እያየ ስለሚያነብ፣ ሁልጊዜ ሁለት ጭረት ያስበልጥ ነበር። ባልደረቦቹ «ምሰሶው» ይሉታል። እሱም «እኔ ጎንበስ ካልኩ ጣሪያው ይወርድባችኋል» እያለ ይስቅባቸዋል። እሷ ስትጽፍ ሁለቷን ትቀንሳለች፤ በዚሁ ተግባብተው ኖሩ።

አሁን በርጩማዋን ሳበች፣ ዓይኗን ከፈሳሹ እኩል አደረገችና እንደ ልማዳቸው ጮክ ብላ «ስልሳ አራት» አለች። ከዚያ ዞራ ጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠችና ጻፈች።

አለቃው አንገቱን አሰገገ። «እትዬ፣ ስልሳ አራት ብለሽ ስልሳ ሁለት ጻፍሽ እኮ።»

«ሁለቷንማ ለምሰሶው ቀንሼ...»

አለቃው ወለሉን ማየት ጀመረ።

«የምታነቢው እኮ አሁን አንቺ ነሽ፤» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔማ አውቃለሁ፣ አንተ ልጅ። ለእጄ ነው መርዶው ያልደረሰው።»

እስክሪብቶውን እንደያዘች ቆየች። ቁጥሩን ከሰረዘች እዚህ ክፍል ውስጥ ለእሱ ተብሎ የሚደረግ ነገር አይኖርም። ካልሰረዘችው ደግሞ ውጤቱ ውሸት ነው።

ሰረዘችው። ተነሥታ እንደገና አነበበችና የተናገረችውን ያንኑ ጻፈች።

ውጤቱ ገጠመ፤ ሥራው እሷ ጋ ቀረ። አብሯት የሚያነብ ሰው እንመድባለን አሏት። እሷ ግን አልፈልግም ብላ፣ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ለብቻዋ አነበበች፣ ለብቻዋ ጻፈች።