የውባንቺ ካውያ

ማክዳን አሜሪካዊት ያደረጋት የሌላ ሰው ሻንጣ ነው። እናቷ ውባንቺ ሮም ውስጥ የምትሠራላቸው ጣልያኖች ለሥራ ወደ ኒው ጀርሲ ሲዛወሩ ሻንጣቸውንም፣ ልጆቻቸውንም፣ እሷንም ይዘው ሄዱ። እዚያ ግዛቸው ከሚባል፣ ከምላሱ በቀር ሀብት ከሌለው ሰው ማክዳን ወለደች። ጣልያኖቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሷም ልጇን አዝላ ተመለሰች። ግዛቸው «እከተልሻለሁ» ብሎ ነበር። እስካሁን እየተከተለ ነው መሰለኝ፣ አልደረሰም።

እኔ የሻረግ ነኝ። ማክዳን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ታሪኳን ለማውራት ከማንም ፈቃድ አልጠይቅም። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፤ ውባንቺ፣ እኔ፣ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረችው አብረኸት፣ እና ያቺ አሜሪካዊት። ሁላችንም ፔርሜሶ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለማሳደስ ኳስቱራ ፖሊስ ጣቢያ ስንሰለፍ እሷም ሰማያዊ ፓስፖርቷን ይዛ ከኋላችን ትሰለፋለች። አንድ ጊዜ መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ፓስፖርቷን አገላብጦ አየና ቅንድቡን እስከ ፀጉሩ ሰቀለው። ቤት ስንገባ ልጅቷ ወንበር ላይ ወጥታ ያንን ቅንድብ፣ ያንን ማህተም አመታት፣ ያንን «ነገ ተመለሱ» የሚል ድካም እንዳለ አመጣችው። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ውባንቺም ስቃ ስቃ ድንገት ፊቷን ቋጠረችው።

«አዝማሪ እንዳትሆኚብኝ!» አለቻት። «የመሪጌታ ልጅ ልጅ ነሽ!»

ሟቹ የውባንቺ አባት መሪጌታ ነበሩ። ይህንን በየቀኑ ታስታውሰን ነበር፣ የምንረሳ ይመስል።

ለቤት ሠራተኛ ሮም ውስጥ ሐዘንም ፈቃድ ይፈልጋል። ነፃ የምንሆነው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። አገር ቤት ሰኞ ሰው ቢሞት ስልኩ ለጓደኛ ይደወላል፤ ጓደኛ አፏን ዘግታ ትሰነብትና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው አሰባስባ መርዶውን ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ በኛ ዘንድ እሑድ ጠዋት በራፍ ላይ የተሰበሰበ ሰው ያየ ሁሉ ልቡ ይከዳዋል።

የውባንቺ እናት ሲሞቱም የተደወለው ለእኔ ነው። እሑድ ጎረቤቱን ሰብስቤ ገባን። ውባንቺ የአሠሪዋን የሲኞራን ባል ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። እሑድ አይሠራም ብንላት «እግዜር የኔን ሲኞራ ያውቃታል» ትል ነበር። አየችን። ነጠላችንን አየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ሸሚዙ መለሰች።

«ግቡ እንጂ! ምን አስቆማችሁ?» አለች። «ይቺን ሸሚዝ ልጨርስና ሻይ አፈላለሁ።»

ማንም አልተቀመጠም። እሷ ግን ኮሌታውን ዘልላ የሸሚዙን ጀርባ እየተኮሰች ታወራለች፤ አውቶቡሱ እንደዘገየ፣ ዝናቡ እንደማያባራ፣ ሲኞራ ስለ ስታርቹ እንደተቆጡ። አፏ እስካልቆመ ድረስ እኛ መናገር አንችልማ። ከዚያ አፏ ሳይቆም እጇ ቆመ። ካውያው ሸሚዙ ላይ እንደተጋደመ ጭሱ ወጣ። እኔም ከዚህ በላይ አልቻልኩም፣ «ውባንቺዬ፣ እናትሽ…» አልኩ። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ።

ማክዳ ያኔ ገና ተማሪ ቤት የገባች ልጅ ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። ዓይኗ ከእናቷ እጅ አልተነቀለም። እኔ በሆዴ፣ ይቺ ልጅ ምን ዓይነት ድንጋይ ናት ብዬ አዘንኩባት። ድንጋይስ እኔ ነበርኩ፤ ቆይቶ ነው የገባኝ።

አደገች፤ ቁመቷ ከኛ በለጠ። ተማሪ ቤት ስትጨርስ ውባንቺ ያንን ሰማያዊ ፓስፖርት ከሳጥኑ አወጣችው። አሜሪካ ሄዳ ኢንፈርሜራ ትሆናለች፤ ነርስ ሆና የሰው ነፍስ ታድናለች፤ መሪጌታም በመቃብራቸው ይኮራሉ። ማክዳ «ቫ ቤኔ፣ እሺ እማዬ» ብላ አውሮፕላን ላይ ወጣች።

ነርስነቱን የሞከረችው ለአጭር ጊዜ ነው። ከዚያ ምግብ ቤት እያስተናገደች የትወና ትምህርት ጀመረች። የሲኒማ ሰዎች በር ላይ ቆማ «ሞክሩኝ» ትላለች፤ ይሞክሯታል፤ «እንደውልልሻለን» ይሏታል፤ አይደውሉም። ይህንን በስልክ በምስጢር የምትነግረው ለእኔ ነበር።

«ዚያ የሻረግ» አለችኝ አንድ ቀን፤ ዚያ ጣልያኖች አክስት የሚሉት ነው። «በመጨረሻ ሥራ አገኘሁ። ዛሬ ሬሳ ሆኜ ዋልኩ!»

«በስመ አብ! ምን ሆነሽ?»

«ሬሳ። ሌላዋ ልጅ አስነጠሳት፣ አባረሯት። እኔ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሬጂስታው፣ የፊልሙ አዘጋጅ ራሱ፣ እጄን ጨበጠኝ!»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ከሬሳ መንገደኛ ሆነች፣ ከመንገደኛ ዋናው ተዋናይ የሚገላምጣት አስተናጋጅ፤ ከዚያ በአንድ የሆስፒታል ድራማ ውስጥ ነርስ ሆነች። ነጭ ልብሱን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ለእናቷ ላከችላት። ውባንቺ ፎቶውን አይታ መሬት ሳመች። ልጄ ተመረቀች አለች። ማክዳም እናቷ እንዲህ ስትደሰት ሰምታ ሌላ ነገር ለመናገር አንጀቷ አልቻለም። እኔስ? አደራ ብላኛለች። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ፤ ዛሬም አልጸጸትም።

ውባንቺ ፎቶውን በመስተዋት አስገብታ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው የወዳጃችን የኃይለ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። የሮም አበሻ ሁሉ የራሱ ነርስ ያገኘ መሰለው። አብረኸት ስለ ጉልበቷ በስልክ ታማክራት ጀመር። ማክዳም ለሁሉም «ሐኪም ጋ ሂዱ» ትላቸዋለች። «አሎራ፣ እንዴት ያለች አስተዋይ ልጅ ናት!» ይላሉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አንድ ቀን ውባንቺ በሲኞራ ቤት እንደ ልማዷ ልብስ ትተኩሳለች፤ ሲኞራ ደግሞ እንደ ልማዳቸው የከሰዓቱን የአሜሪካ ድራማ ያያሉ። «ውባ፣ ይቺ ያንቺ ልጅ አይደለችም?» አሏት። ቀና ስትል ማክዳ! ያው ነጭ ልብስ፣ ያው ፈገግታ። አፏን ከፈተችና በሌላ ሴት ድምፅ፣ ጥርት ባለ ጣልያንኛ፣ «ዶቶሬ፣ በሽተኛው አርፏል» አለች። ጣልያኖች የውጭ ፊልም ሁሉ በራሳቸው ድምፅ ነው የሚያስነግሩት።

ማታውኑ ደወለችልኝ፤ ያኔ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ክፍል ይዘናል። እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

«ድምፅዋን ሳይቀር ሸጣዋለች፣ የሻረግ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በአባቴ አጥንት እምላለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፊቷን አላይም!»

በማግስቱ ፎቶውን ከኃይለ ግድግዳ አወረደችው። ማክዳ ስትደውል አታነሳም። የበዓል ቀን እንኳ አታነሳም። ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ ሥራዋ ላይ ተመለሰች። ሚናዋ እያደገ ሄደ፤ መጀመሪያ ስም የሌላት ሴት ነበረች፣ ከዚያ ስም ያላት፣ ከዚያ ታሪኩ የሚከተላት። ውባንቺ ግን እያረጀችና እየመረረች ሄደች፤ ስለ ልጇ የጠየቃትን ሰው ሁሉ «የማንን ልጅ?» ትለዋለች።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ማክዳ ተርሚኒ ቆማለች። ሮጬ ሄድኩ። ኮቷ ያማረ፣ ፊቷ የከሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዋናዋ ሆና የሠራችበት የአሜሪካ ፊልም በማግስቱ እሑድ ከሰዓት ሮም ውስጥ ሊታይ ነው፤ እሷም መድረክ ላይ ትወጣለች። በኃይለ ቡና ቤት አስቀመጥኳት። ምስማሩ ግድግዳው ላይ ብቻውን ቀርቷል። እሷም እሱን እሱን ታያለች።

«ዚያ፣ ጋዜጣው ሁሉ ጽፏል፤ ሰዎቹ ሁሉ አሞግሰውኛል» አለችኝ። «እማዬ ካላየችው ግን ለእኔ አልታየም። አምጪልኝ። በእግዚአብሔር፣ አምጪልኝ።»

ውባንቺን ብቻዬን ማግባባት አንበሳን ፂሙን እንደመንካት ነው። አብረኸት «በሽምግልና እንሂድ፤ ብዙ ሆነን ከሄድን አታባርረንም» አለች። ጥሩ ነው አልን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ፣ አብረኸት፣ ኃይለ፣ ሌሎችም ወዳጆች ነጠላችንን እንዳጣፋን ደረጃውን ወጣን። መንገዱን ሙሉ «አንቺ ጀምሪው»፣ «የለም አንተ ጀምረው» ስንባባል ስለነበር በሩ ሲከፈት ሁላችንም አፋችን ተለጉሞ ቆምን።

ውባንቺ አየችን። ነጠላችንን አየች። ከንፈሯ ነጣ። ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ውስጥ ገባች፤ ካውያውን ሰካች፤ ከቅርጫቱ አንድ ሸሚዝ አነሳች።

«ግቡ እንጂ! ምን አስቆማችሁ? ይቺን ሸሚዝ ልጨርስና…»

ያኔ ነው የገባኝ። ምን ያልን ደንቆሮዎች ነን! ሽምግልናም መርዶም በኛ አገር አመጣጣቸው አንድ ነው፤ በጠዋት፣ ተሰብስቦ፣ አፍን ዘግቶ። ለውባንቺ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ መርዶዋ የሚነገራት አንድ ሰው ብቻ ነው የቀራት።

«ደህና ናት!» ብዬ ጮህኩ። «ውባንቺ፣ ማክዳ በሕይወት አለች! ተርሚኒ ናት፣ ቡና እየጠጣች ነው! ሲኒማ ልንወስድሽ ነው የመጣነው!»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።  ከዚያ ተነስታ ነጠላ ጫማዋን ኃይለ ላይ ወረወረችው፤ እኔንም አልማረችኝም። «እናንተ የሰይጣን ሽማግሌዎች! ልትገድሉኝ ነው የመጣችሁት?» አለች። ሰድባን ሰድባን ሲወጣላት ዓይኗን በመቀነቷ ጠረገች። ልጄ ሞታለች ብላ ባሰበችባት በዚያች ቅጽበት ቂሟ ሁሉ ከሆዷ ወጥቶ ሄዷል፤ ራሷም አውቃዋለች።

«ሲኒማው የት ነው?» አለች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ውባንቺ እጇን አጣምራ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፤ ካልወደደችው ወዲያው ልትወጣ። ፊቷን አላይም ብላ በአባቷ አጥንት የማለችው ሴት የቤት ስፋት ያለው ፊት መጣላት። በዚህኛው ፊልም ጽሑፉ ብቻ ከሥር በጣልያንኛ ያልፋል፤ ድምፁ ግን የማክዳ የራሷ ነበር። ውባንቺ ድምፅዋን ስትሰማ እጆቿ ተፈቱ።

ፊልሙ ኒው ጀርሲ የሰው ቤት ስለምትሠራ፣ አንድ ልጇ ውትድርና ስለሄደባት አበሻ ሴት ነው። ማክዳ እናቲቱን ሆናለች። መሐል ላይ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቶቿ ነጠላ ለብሰው ቆመዋል፤ ማንም አይናገርም። ማክዳ አየቻቸው። ከዚያ ዓይኗን በእጇ ወዳለው ሸሚዝ መለሰችና፣ በዚያ ሁሉ ጣልያን ፊት፣ በአማርኛ፣ «ግቡ እንጂ! ምን አስቆማችሁ? ይቺን ሸሚዝ ልጨርስና ሻይ አፈላለሁ» አለች።

አብረኸት ክንዴን ጨመቀችኝ። ማክዳ ትተኩሳለች፣ ታወራለች፤ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ዝናቡ። አዳራሹ ውስጥ የሚተነፍስ የለም። ከዚያ አፏ ሳይቆም እጇ ቆመ። ከሸሚዙ ጭስ መውጣት ጀመረ።

ውባንቺ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ማክዳ! ካውያውን አንሺው! ሸሚዙ ተቃጠለ!»

ማንም አልሳቀም። ቋንቋውን የማያውቁት እንኳ ዞረው ሲያዩዋት ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። ፊልሙ እስኪያልቅ እጄን አልለቀቀችም።

መጨረሻ ላይ ስሞቹ መጡ። የመጀመሪያው በትልቁ ተጽፎ ነበር፤ ማክዳ ውባንቺ። የኛ ሰው በአባቱ ስም ነው የሚጠራው። ልጅቷ ግን ግዛቸውን ከነምላሱ ትታ እናቷን አስከትላለች። ውባንቺ ፊደሉን በጣቷ አየር ላይ እየተከተለች አነበበችው፤ አላመነችም፣ ደግማ አነበበችው።

መብራቱ ሲበራ ሰዉ ቆሞ ያጨበጭብ ጀመር። ማክዳ መድረክ ላይ ስትወጣ አበባ ሰጧት፤ ዓይኗ ግን ወንበሩን ያስሳል። እኛን ስታይ አበባውን ለሆነ ሰው አስታቅፋ ወረደችና እናቷ ፊት ቆመች። ኮቷ ያማረው ያቺ የፊልም ሴት ዓይኔ እያየ ገና ተማሪ ቤት የገባች ልጅ አከለች።

ውባንቺ ከላይ እስከ ታች አየቻት። 

«ሸሚዝ እንዲህ አይተኮስም» አለች። «ከኮሌታው ነው የሚጀመረው። ስንት ጊዜ አሳይቼሻለሁ?»

«አሳይተሽኛል፣ እማዬ» አለች ማክዳ። «ያን ቀን ግን አንቺም የጀመርሽው ከጀርባው ነው።»

 ውባንቺ ለራሷ እንኳ ነግራው የማታውቀውን ነገር ልጇ ይህን ሁሉ ዘመን ይዛላት ኖራለች። እኛን በር ላይ እንዳየች አውቃ እንደነበር፣ እጇ እንደከዳት፣ ያቺ አልጋ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ሕፃን አንዷንም ሳትጥል አይታላት ነበር። ልጇን አንገቷ ሥር ስባ አስገባቻት። ከዚያ ራሷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ የመሪጌታ ልጅ፣ በዚያ በሮም አዳራሽ ውስጥ እልልታውን አቀለጠችው። እኔና አብረኸት ተቀበልናት፤ ጣልያኖቹም ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ።