የአብዱልሃዲ ቀኝ እግር

አብዱልሃዲ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጅማ ዙሪያ ካሉት ከየቡ እና ከሸቤ ከተሞች ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ሲመላለስ የኖረ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ያንን ግዙፍ ተሳቢ ወደ ኋላ እየነዳ በጠባብ በር ሲያስገባ ያየ ሁሉ አፉን ይዞ ያደንቀው ነበር። እንግዲህ ይኸው ሰው ነው በስልሳ ስድስት ዓመቱ አንዲት የቤት አውቶሞቢል ማቆም ያቃተው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባል የለ።

መኪናዋን የላከለት ልጁ ኡመይር ነው፤ አዲስ፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ፣ ድምፅ የሌላት። የላከበትም ምክንያት አለው። እናቱ ዙቤይዳ ኩላሊቷን ከታመመች ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ከየቡ ጅማ እየሄደች ሆስፒታል እጥበት ታደርጋለች። ከእጥበቱ ስትወጣ መቆም እንኳ ስለሚያቅታት በሚኒባስ ተጨናንቃ መመለስ መከራ ነው።

ችግሩ የጀመረው ሆስፒታሉ አጠገብ ካለው መኪና ማቆሚያ ነው። ጅማ ውስጥ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የለም። አላፊ አግዳሚው ከኋላ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ «ና፣ ና»፣ በኦሮምኛም «ኮቱ፣ ኮቱ» ይላል። ለሽማግሌም ቢሆን «ና» ነው፤ የሚጠራው መኪናው ስለሆነ ነውር የለውም። የማቆሚያዋ ሠራተኛ ናርዲ ደግሞ ለሥራዋ ሟች ናት፤ የመኪናውን ኋላ በእጇ መታ መታ እያደረገች ነው የምታስገባው።

አብዱልሃዲ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲገባ መኪናዋ ድንገት ቀጥ አለች። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ቀጥ። ናርዲ አዘነችለትና ጥበቃውን ጠራች፤ ጥበቃው ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ጠራ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይላሉ፤ እዚህ ግን አጋዡ በበዛ ቁጥር መኪናዋ ባሰባት።

አብዱልሃዲ ጥፋቱን የጣለው በቀኝ እግሩ ላይ ነው። አምና ከሚዛን ላይ የቡና ጆንያ ወድቆበት ነበር። ሐኪሙ ድኗል ቢለውም እሱ አላመነውም። ወደ ኋላ ሲነዳ እግሩ ፍሬኑ ላይ እያንዣበበ ስለሆነ፣ ሳያዘው ሄዶ የሚረግጥ መሰለው። እቤቱ ግቢ፣ በተሰጣው ቡና መካከል በቀረችው ጠባብ መንገድ ያለ አጋዥ ወደ ኋላ ሲገባ ግን አንድም ነገር አይሆንም። ይኼ ይባስ አስፈራው። ሰው ሲያይ የሚደነግጥ እግር መንገድ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? ሦስት ሳምንት በሆዱ ይዞ ከረመ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት መኪናዋ አሁንም ናርዲ ፊት ቀጥ ስትል አጠፋትና እጁን ከመሪው ላይ አወረደ።

«ዙቤይዳ፣ ከዛሬ ወዲያ አልነዳም» አላት። «እግሬ ከድቶኛል። አንቺን ይዤ ገደል ከምገባ ይቅርብኝ።» እንግዲህ በሚኒባስ ነው የምትሄጂው ለማለት ግን ምላሱ አልታዘዘውም።

«የቱ እግርህ?»

«ቀኙ ነዋ። ሳላዘው ፍሬን ይረግጣል።»

«ወላሂ እግርህ ፍሬኑን አልነካውም፤ ሳየው ነበር» አለች ዙቤይዳ። «ሦስት ሳምንት አንገቴን ደፍቼ የምቀመጠው ለምን መሰለህ፣ አባ ኡመይር? አንተ እንደጠረጠርኸው ገብቶኝ እግርህን እየተከታተልሁ ነው። ዛሬ ደህና አድርጌ አየሁት። ይልቅ መኪናዋ ያቺ ልጅ ስትጠጋ አይደለም እንዴ የምትቆመው? እቤት ስንገባ ከኋላችን ማን አለ?»

መስኮቱን አወረደች። «ናርዲ ልጄ፣ እስቲ ሁላችሁም ዞር በሉልን።»

«እማማ፣ ብቻቸውን ይጋጫሉ እኮ» አለች ናርዲ ቅር እያላት።

«ግድ የለም፣ በእኔ ይሁን።»

ሰዎቹ እያጉረመረሙ ወደ አጥሩ ሄዱ። አብዱልሃዲ «ቢስሚላህ» ብሎ አስነሳት። መኪናዋ በሁለት መኪኖች መካከል ሰተት ብላ ገብታ ቦታዋን ያዘች።

«ለካ እኛን ፈርታ ነው» አለ ሱሌይማን የተባለው የባጃጅ ሾፌር እየሳቀ። «አዲሶቹ እንዲህ ናቸው፤ ከኋላ ሰው ሲጠጋ ራሳቸው ፍሬን ይይዛሉ። እኛ ነን ያስቸገርናቸው።»

«አልሃምዱሊላህ» አለ አብዱልሃዲ። ከጫንቃው ላይ ኩንታል የወረደለት ያህል ቀለለው። ቁልፉን ነቅሎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«እግሬ ሆኖ ቢሆንስ ምን ልትይኝ ነበር?»

«ምንም አልልህም» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። «ይህች መኪና ሆዴን ትረብሸኛለች፣ ሚኒባስ ይሻለኛል እል ነበር።»

አብዱልሃዲ ከእጥበት ስትወጣ የሚያየውን ፊቷን አሰበ። በዚያ ፊት፣ ሚኒባስ ውስጥ በሰው ክርን እየተገፋች፣ እሱን ላለማሳፈር ደስ ብሎኛል ልትል ቆርጣ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ አመስግኗት አያውቅም፤ በእነሱ ዘመን ባልና ሚስት አይመሰጋገኑም።

ወረደ፣ ዞረና በሯን ከፈተላት።

«ጀዛኪላሁ ኸይር፣ ዙቤይዳ» ብሎ አመሰገናት።

ቀና ብላ አየችው። «በል ተራችን እንዳያልፍ» አለችና ክንዱን ያዘች።