የተረሳችው ስድስተኛ ጳጉሜ

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ። ላሊበላ በእንግዳ ተጨናንቃለች። እመት ባንቺዓለም ከኮን ከተማ፣ ልጃቸው እየሩስ ከአዲስ አበባ መጥተው ከአገሬ እንግዳ ማረፊያ ደጃፍ ተገናኙ። አልጋውን እየሩስ ቀደም ብላ በኢንተርኔት ይዛው ነበር።

የማረፊያው ባለቤት አገሬ ኮምፒውተሩን አየችና ደነገጠች። «አንድ ቀን ይቀራቸዋል ይላል እኮ! እኔም ክፍሉን ለዛሬ ለሰው ሰጠሁት።» ከዚያ የማረፊያውን ድረ ገጽ የሠራላትን ሰውአገኝን ተጣራች። «ና እስቲ አንተ ኢንጅነር! ይኼ ነገርህ ምን እያለ ነው?»

እንግዲህ የገጹ ሥራ እንዲህ ነው፤ እንግዳው የሚመጣበትን ቀን በፈረንጅ ይጽፋል፣ ገጹ ወደኛ ይመልሰውና የዛሬን ቀን ቀንሶለት ስንት እንደቀረ ይናገራል። ሰውአገኝ ኮዱን እንደከፈተ ጥፋቱ ታየው። የሁለቱን አቆጣጠር ልዩነት አንዴ ቆጥሮ ለሁልጊዜ አስሮታል። ያለፈው ዓመት ደግሞ ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜ ስድስት ሆና አልፋለች፣ ከዚያ ወዲህ ቀኑ ሁሉ በአንድ ተንሸራቷል።

ፈረንጅ ቢስተው ምን ይባላል? ሰውአገኝ ግን የመሪጌታ ተክለ ሚካኤል ልጅ ነው፤ ባሕረ ሐሳብን ከአባቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ በቃሉ ያንበለበለ።

«ኔትወርኩ ነው» አለ። ጆሮው ጋለ።

«አይ ኔትወርክ!» አሉ እመት ባንቺዓለም፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው የዛለ እግራቸውን እያሹ። «እኛም ዘንድ ያው ነው፤ ይቺ ልጅ ስትደውል ይቆረጣል። አንተ ምን ታደርግ ልጄ!»

አምነውት ነው እኮ፣ እናንተዬ። ቢሰድቡት በተሻለው።

ሌላ አልጋ ስለጠፋ ወደ አባቱ ቤት ወሰዳቸው። መሪጌታ የእንግዳ እግር ሳይታጠብ እህል የሚቀምሱ ሰው አይደሉም፤ ወዲያው ውሃ አስሞቁ።

«እንዴት በዋዜማው ሜዳ ላይ ቀራችሁ?» ቢሏቸው፣ «ኔትወርክ ነው አለን ልጅዎ፣ የኔታ» አሉ እመት ባንቺዓለም።

ሰውአገኝ የእመት ባንቺዓለምን እግር ሳፋው ውስጥ እንደያዘ አላስቻለውም። «ዋሽቼዎት ነው፣ እማማ። ጳጉሜ ስድስት መሆኗን ረስቼ ነው።»

መሪጌታ የውሃውን ጆግ እንደያዙ ቆሙ።

«ታዲያ አንዷን ቀን የት ጣልካት?» ብለው ሳቁ እመት ባንቺዓለም። «በል፣ ተረከዙን ጠበቅ አርገህ እሸው።»

አሸው። ሁለቱም እግር ታጥቦ እስኪደርቅ ግን ቀና ብሎ የአባቱን ፊት ለማየት አልደፈረም።