የአራስ ማጭድ

ውባንች ከመውለዷ በፊት አንድ ኩንታል ሰሊጥ እንደ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ የቤተሰቡን ጤና እየጠየቀች የምትሄድ ሴት ነበረች። በአጨዳ የሚቀድማት ወንድ ከመተማ እስከ አብርሃ ጅራ አልተወለደም፤ ቢወለድም አፍሮ ወደ ደጋ ተመልሷል። ይህችው ሴት በወለደች በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ከመደብ ተነስታ በሩ ድረስ ለመሄድ ግድግዳ ስትይዝ፣ ግድግዳው ራሱ አዝኖ ጠጋ የሚልላት ይመስል ነበር።

በወሊዱ ደሟ ፈስሶ አልቋል። ወገቧ የሌላ ሰው ሆኗል። ሰሊጥ ደግሞ አራስ አያውቅም። ከቤቱ ጀርባ ያለው ማሳ ቅጠሉን አራግፎ ቢጫ ለብሷል፤ ፍሬው አፉን ሊከፍት ቢበዛ አምስት ቀን ቀርቶታል። አንዴ ከከፈተ ነፋስ ሲነካው ዘሩን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል፤ ከመሬት ደግሞ ጉንዳን እንጂ ሰው አይለቅመውም። ባሏ ደረበ የቀን ሠራተኛ ሊያመጣ ሸሕዲ ከተማ ከሄደ ሳምንቱ ነው። ከደጋ የወረደውን ሠራተኛ ሁሉ ትልልቆቹ እርሻዎች በትራክተር ጭነው እንደወሰዱት፣ አሁን ደግሞ መንገድ ተዘግቶ እሱም መመለሻ እንዳጣ በስልክ ነገራት። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። የዓመት ቀለባቸው ከዚያ ማሳ ነው፤ ሌላ የላቸውም።

አራሷን የሚጠብቁት አማቷ እማማ አየሁሽ ነበሩ። ወገባቸው የጎበጠ፣ ዓይናቸው ግን ሱዳን ውስጥ የምትግጥ ፍየል የማን እንደሆነች ለይቶ የሚያውቅ ሴት። አራስ ብረት ሳትይዝ ከደጅ ከወጣች ሰይጣን ይለክፋታል ብለው፣ ገና በወለደች በሦስተኛው ቀን ማጭዱን ከጣራው ሥር አውርደው ያስጨበጧት እሳቸው ናቸው።

ጤና ጣቢያ ያዋለደቻት ነርስ ቀስ እያልሽ ተራመጂ፣ በየቀኑ ጥቂት ጨምሪ፣ ከባድ ግን እንዳታነሺ ብላት ነበር። ውባንች መራመዱን ብቻ ሰማች። ማጭዷን ይዛ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞራ፣ መልሳ መደቡ ላይ ተጋደመች። በማግስቱ ሁለት ጊዜ ዞረች። በሦስተኛው ቀን አጥሩ ሥር የጠፋባት ነገር የምትፈልግ መስላ አምስት ጊዜ ቁጢጥ ብላ ተነሳች። ላቧ ለሽንፋ ወንዝ ገባር ይሆን ነበር። እማማ አየሁሽ ከበሩ ሆነው ብረቷን አለመልቀቋን እያዩ፣ ምራቴ ሥርዓት አወቀች ብለው ባለሱቋ ጎረቤታቸው ዘሀቢያ ዘንድ አሞገሷት። ዘሀቢያም ሱዳኖች ለአራስ የሚያበሉትን የአብሽ ገንፎ፣ መዲዳ የሚሉትን፣ ሠርታ ላከች። ውባንች ሳህኑን አለመዋጧ ተአምር ነው።

በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ጤዛው ገና የፍሬውን አፍ ጨብጦ እንደያዘ፣ ልጇን አጥብታ አማቷ ጎን አስተኛችው። ሆዷን በመቀነት ሰባት ጊዜ ጠፍንጋ ተነሳች።

«ብረቱን ይዘሻል?» አሉ እማማ አየሁሽ ከጋቢያቸው ውስጥ።

«ይዣለሁ እማየ» አለች። አልዋሸችም።

የመጀመሪያውን ጭብጥ ስታጭድ እጇ የድሮውን አስታወሰ። አንድ ነዶ አሰረች። ሁለተኛው ላይ ከእምብርቷ በታች የሆነ ነገር እንደ በሰበሰ ገመድ ላላ፤ ጎንበስ እንዳለች ቀና ማለት አቃታት። ማሳው ከፊቷ እስከ ካርቱም ተዘረጋ። ነዶውን ልታቆመው ስትታገል ከእጇ አመለጠና ቁልቁል ተደፋ፤ ቀድመው የተከፈቱት ፍሬዎች ዘራቸውን ሲያፈሱት ሰማች። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ እንዲያ አይጮህም። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ጡቷም ያለ ልጅ ቀሚሷ ላይ ይፈስ ነበር።

አጥር ለአጥር እየተደገፈች ቤት ስትደርስ፣ እማማ አየሁሽ ማጭዱን ተቀብለው ሊሰቅሉት ሲሉ ቆሙ። ስለቱ ላይ የተለጠፈውን የአገዳ ጭማቂ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ለመሆኑ ልጀ፣ የሰይጣን ደሙ አረንጓዴ ነው?»

ውባንች ሁሉንም አንድ ላይ አፈረጠችው፤ ጎንበስ ካለች ቀና ማለት እንደማትችል፣ ሰሊጡ ነገ ከነገ ወዲያ እንደሚያልቅለት፣ እሷ ካልበላች ልጁ የሚጠባው እንደሌለ፣ እንዲህ ያለውን ገላዋን እንደጠላችው። አሮጊቷ ስድቡን ሊያወርዱት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ማጭዱን ግን አልሰቀሉትም።

«እኔ ከጎበጥሁ ሃያ ዓመቴ» አሉ። «ቀና በይ የሚለኝም የለ። አንች ነዶውን ታቆሚያለሽ፣ እኔ አጭዳለሁ።»

«እኔስ ያለ ብረት ልወጣ ነው?»

እማማ አየሁሽ ከነጠላቸው ጫፍ መርፌ ነቅለው መቀነቷ ላይ ሰኩላት።

ልጁን በአንቀልባ ይዘው ሁለቱም ወጡ። አሮጊቷ እንደጎበጡ አጨዱ፤ ውባንች እያሰረች ነዶውን ከነዶ አስደግፋ፣ አፉን ወደ ሰማይ አድርጋ አቆመች። እንዲህ ተደጋግፎ የቆመውን ነዶ እዚያ አገር ሂላ ይሉታል። ሦስት ጊዜ ዓይኗ ጨለመ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሂላውን ተደግፋ ቆየች። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነፋሱ ከሱዳን በኩል ተነሳ፤ የታችኛው ማሳ ያን የሚፈስ ዘር ድምፅ ጀመረ።

እማማ አየሁሽ ሂላዎቹን ቆጠሩ። ታጭዶ የቆመው የማሳው ሲሶ ቢሆን ነው። እስከ ጥር ያደርሳቸዋል። ከጥር ወዲያ ያለውን ሁለቱም አላነሱትም።

«ሳይቆም የቀረ ነዶ አለ» አለች ውባንች። ጉልበቷን ተመርኩዛ ተነሳች።